ሰዓት እላፊ እና ሸክላ፦ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ከነገሌ ሲታይ

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የተጻፉ ነገሮችን እየለቃቀምኩ ሳነብ አንድ ነገር ታዘብኩ። ታሪኩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ነው፣ የሚያልቀውም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ቢበዛ አስመራንና ድሬዳዋን ጠቀስ አድርገው ያልፋሉ። የኔ አገር ነገሌ ቦረና ግን የለችም። ይሁን፣ አልከፋኝም። ነገሌ ስመ ጥር ባንድ አላወጣችም፣ ሸክላም አላሳተመችም። ነገር ግን ያንን ሙዚቃ መንገዱን ያስቀየረው ትልቁ ክስተት የተጫረው በኛው ከተማ የጦር ካምፕ ነው፤ ያውም በውሃ ጠብ! ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለዚሁ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ "እ.ኤ.አ." ካላልኩ በቀር በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ወታደርና ዘፈን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። በአገራችን እንዲያውም ዘመናዊውን ሙዚቃ ያሳደገው ወታደር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጥሩምባው፣ ሳክስፎኑ፣ ኖታ የሚያስተምረው ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዙ የነበረው ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ዘንድ ነው። ዘፋኝ ልሁን ያለ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የደንብ ልብስ መልበስ ነበረበት። ጥላሁን ገሠሠ የታወቀው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሠርቷል። ማህሙድ አህመድ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚጫወቱበት አሪዞና ክለብ የሚባል ቤት ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረና ልሞክር ብሎ ዘፈነ፤ ከዚያ በኋላ እሱም የክቡር ዘበኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ከፈረንጆቹ ጋር ብናነፃፅር ደስ ይለኛል። ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ለውትድርና ሲመለመል የአሜሪካ ወጣቶች "አበቃለት" ብለው አዘኑ። ለነሱ ካምፕ የሮክ ተቃራኒ ነው። ለኛ ግን ካምፑ ራሱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር። "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" የተባለው ዓለማየሁ እሸቴም የወጣው ከዚያው ነው።

ችግሩ ደመወዝ የሚከፍልህ ጦር ሲታመስ አንተም አብረህ ትታመሳለህ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይቶ ነገሌ ላይ የሆነውን ለመረዳት ትጠቅማለች።

ከመንግሥት ውጪ ያለው ሙዚቃ በር የተከፈተው በ1960ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ብቻ ነበር፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት፣ ሕጉን እያወቀ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እየላከ ያሳትም ነበር። ማንም አላሰረውም! በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። በኋላም ዓሊ አብደላ ካይፋን የመሰሉ ሌሎች አሳታሚዎች ተከተሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ተምሮ ተመልሶ ኢትዮ ጃዝን ያደላደለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ከተማው በየምሽቱ በባንድ ይናወጥ ነበር። መጻሕፍቱ "ወርቃማው ዘመን" የሚሉት ይህንን ነው።

ኤሊንግተን መጥቶ በሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው እንግዲህ ነገሌ ወደ ታሪኩ የምትገባው።

ነገሌ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በሻሸመኔ ዞሮ በክብረ መንግሥት በኩል የሚመጣው መንገድ ከደጋው ወርዶ ወርዶ ግራርና ቀይ አፈር ውስጥ ይጥላችኋል። ከዚያ ወዲያ ፊልቱና ዶሎ፣ ከዚያ ድንበሩ ነው። እዚያ የሰፈረው ብርጌድ ተራ ወታደሮች የሚበሉት ምግብ የተበላሸ ነበር፤ በዚያ ላይ የሚጠጡትን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ተሰበረ። መኮንኖቹ ግን የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ።

ይህን ለቦረና ሰው ብትነግሩት ከሁሉ በፊት የሚገርመው ክልከላው ነው። በኛ አገር ውሃ ሥርዓት አለው። ከዱብሉቅ ጀምሮ ባሉት "ቱላ" በሚባሉት ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የማን ከብት ቀድሞ፣ የማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚቆጣጠር ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ጉድጓዱ የራሱ ባለቤት ቢኖረውም የተጠማን እንዲሁ ማባረር ነውር ነው። ከሙዚቃ አንፃር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወንዶቹ ከጉድጓዱ ስር እስከ አፉ ድረስ ደረጃ በደረጃ ተደርድረው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ሲወረውሩ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ጌጥ አይደለም፤ ምቱ ከተሳሳተ ባልዲው ይወድቃል። ከብቶቹም ድምፁን ለይተው ያውቁታል። የውጭ ሰዎች "የሚዘፍኑት ጉድጓዶች" የሚሏቸው ለዚህ ነው። ነሐስና ሳክስፎን ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጣም በኋላ፣ በቆላው ትልቁ ኦርኬስትራ ይኸው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ወደ ወታደሮቹ ልመለስ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አመፁ፣ መኮንኖቻቸውን አሰሩ፣ አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩት የምድር ጦሩ አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነበሩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸውና እኛ የምንበላውን ይብሉ፣ የምንጠጣውንም ይጠጡ ብለው አቀረቡላቸው። ጄኔራሉም በሉ፣ ጠጡም። በመጨረሻ ተለቀቁ። ወታደሮቹ ግን አልተቀጡም፤ ይህ ደግሞ ለሌላው ጦር ትልቅ መልእክት ነበር።

ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚጥመው የወሬው አካሄድ ነው። መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ፈልጎ ነበር። ወሬውን ከካምፕ ወደ ካምፕ ያዛመቱት የጦሩ የራሱ የመገናኛ ሬዲዮዎች ናቸው። በየካቲት ደብረ ዘይት ያለው አየር ኃይል ተነሳ። መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። አስመራ ላይ ሁለተኛ ክፍለ ጦር የሬዲዮ ጣቢያውን ይዞ ጥያቄውን በግልጽ አሰማ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "የነገሌ ወታደር ሙዚቃውን ገደለው ልትል ነው?" ማለታችሁ አይቀርም። አልልም። ድርቁ፣ የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ መወደድ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የተማሪው እንቅስቃሴ ሁሉ ነበሩ፤ ነገሌ ባይሆን ሌላ ቦታ መነሳቱ አይቀርም ነበር። ሰዓት እላፊውን ያወጀውም ደርግ ነው እንጂ ውሃ የጠማው ወታደር አይደለም። ግን ክሩን ጫፉን ይዛችሁ ብትስቡት የሚያደርሳችሁ ነገሌ ነው። ይህ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል፤ በሙዚቃ ታሪክ ላይ ግን "ከአብዮቱ በኋላ" ተብሎ በአንድ ሐረግ ይታለፋል።

ሰዓት እላፊ ለሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። የባንድ እንጀራ የሚገኘው ማታ ነው። ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ እራቱን በልቶ፣ ወደ ዳንስ ቤት የሚወጣው ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ነው። ያ ሰዓት መንገድ ላይ መገኘት የሚያስተኩስ ከሆነ ቤቱ ይዘጋል። ብዙዎቹ ተዘጉ። የተረፉት ትላልቆቹ ሆቴሎች ነበሩ፤ ዘዴያቸውም የሚገርም ነው። እንግዳው ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ማንም አይወጣም። ዋልያስ ባንድ ሒልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ ግዮን ሆቴል ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ።

በኔ ግምት የዚያን ጊዜ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ያንን ያህል የተረጋጋና የማይቸኩል የሆነው ለዚህ ነው። እስከ ንጋት የተዘጋበትን ሰው ማጫወት ሦስት ደቂቃ ዘፍኖ እንደመውረድ አይደለም። ሌላም ጥቅም አለው። ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ ኦርጋን ግን ምን እንዳለ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያሶች "ቸ በለው" የሚለውን የመሣሪያ አልበም አወጡ፤ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ ነበር፣ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት "ሙዚቃዊ ስልት" ዛሬ በብዙ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ግማሹ እዚያው ቀረ። አምሃ እሸቴ ከዚያ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ድርጅቱን ትቶ አገር ለቆ ነበር።

የባንዱ መጠንም ተለወጠ። የጦሩ ኦርኬስትራ በደመወዝ የሚያድሩ ብዙ ነፊዎች ነበሩት። ሆቴል ግን ያንን ሁሉ ሰው አይከፍልም፤ ስለዚህ ነፊው እየቀነሰ ኦርጋኑ እየገነነ ሄደ። ኋላ ላይ ሲንተሳይዘር ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆነ። (ይኼንን የሠርግ ኪቦርድ የምትጠሉ ጓደኞቼ፣ መነሻው የት እንደሆነ አያችሁ?)

እስካሁን ያወራሁት የአዲስ አበባን ነው። የሚቀጥለው ግን መጻሕፍቱ የማይነግሯችሁ ነው። አዲስ አበባ "ጨለማው ዘመን" የሚላቸው እነዚያ ዓመታት ለኛ ቆላ ሙዚቃ የገባባቸው ዓመታት ናቸው።

ምክንያቱ ካሴት ነው። ሸክላ ውድ ነው፣ ይሰበራል፣ ይጫራል፣ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ውጭ አገር ልኮ ማሳተም ይጠይቃል፣ ማጫወቻውም መብራት ይፈልጋል። ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ ላይ ስንት ሰው ነበር የሸክላ ማጫወቻ የነበረው? ካሴት ግን በኪስ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘፍናል፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ዋናው ደግሞ ይገለበጣል። አንድ ካሴት አዲስ አበባ ከተሸጠ አሳታሚው ይደሰታል፤ በአውቶቡስ ክብረ መንግሥት ከደረሰ በኋላ ግን አሥር ይሆናል፣ ነገሌ ሲገባ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም። አሳታሚው ያለቅሳል፣ እኛ እንሰማለን። በመርህ ደረጃ ማባዛቱን አልደግፍም፤ ግን ያለዚያ ስርቆት አባቴ ማህሙድ አህመድን ባልሰማ ነበር።

አያቴ ነገሌ ላይ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራቸው። በሞያሌ በኩል የመጣ ባለ ካሴት ቴፕ ነበራቸውና ሰው ሻይ የሚጠጣው ለሻዩ አልነበረም ይላሉ፣ እየሳቁ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ እየተሽከረከረ ይጠቀለላል። ጠዋት የጥላሁን፣ ከሰዓት የዓሊ ቢራ፣ ማታ የሱማሌ ዘፈን። የከብት ነጋዴ ከመጣ የሱ ምርጫ ይቀድማል፤ ብዙ ሻይ የሚያዘው እሱ ነዋ!

ዓሊ ቢራን ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። ድሬዳዋ ላይ በ1950ዎቹ "አፍረን ቀሎ" በሚባለው ቡድን ውስጥ በኦሮምኛ መዝፈን ሲጀምር ገና ልጅ ነበር። በኦሮምኛ መዝፈን ያኔ በጥርጣሬ የሚታይ ነገር ነበር። እሱም አዲስ አበባ ገብቶ በክቡር ዘበኛ በኩል አልፏል፤ አየህ፣ ወታደሩ እዚህም አለ! ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ዘፍኗል። ለቦረናና ለጉጂ ሰው በራሱ ቋንቋ በጊታር የተዘፈነ ዘፈን ከቴፕ ሲወጣ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለመግለጽ ይከብደኛል። አያቴ "ሬዲዮው የኛን አፍ አወቀ" አሉ ይባላል፤ ቴፕና ሬዲዮ ለሳቸው አንድ ነው።

ደርግ በበኩሉ በየቀበሌውና በየጦሩ የኪነት ቡድን አቋቁሞ ነበር። ግጥሙ መፈክር ነው፤ እውነት ለመናገር አብዛኛው አይሰማም። ቢሆንም ከኪነት የወጡ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው፤ የየብሔረሰቡ ጭፈራ ወደ መድረክ የወጣውም በአመዛኙ በዚያ በኩል ነው። በ1969 መጨረሻና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ዘፈኑ ሁሉ የዘመቻ ሆነ። ያን ጊዜ ቆላው ራሱ የጦር ሜዳ ነበር፤ ሻይ ቤቱም ከርሞ ነው የተከፈተው።

የአዲስ አበባው ሙዚቃ በኋላ እንደገና መገኘቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የድሮዎቹን ሸክላዎች "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሲዲ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በስልሳዎቹ ዕድሜው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ ያ የተገኘው ከክፍለ አገር ከተማ ሱቅ ነው፣ ያውም ካሴት። የሸክላ ፈላጊዎች ግን እስካሁን የሚዞሩት በአመዛኙ አዲስ አበባ ነው። ነገሌ ላይ ሸክላ የለም፤ ካሴት ግን በየሳጥኑ አለ። ክረምት ላይ የቤታችንን ስቆጥር 43 አገኘሁ። 27ቱ ስማቸው የተጻፈባቸው ናቸው፤ ከነዚህ ብዙዎቹን ገበያ ላይም ታገኟቸዋላችሁ። የቀሩት 16ቱ ግን ልጥፍ የላቸውም፣ ወይም "ሠርግ" ብቻ ይላሉ። አንዱን ስከፍት ሀ ፊቱ የማህሙድ ግልባጭ ነው። ለ ፊቱ ላይ አጎቴ ጉድጓድ ዳር ሆኖ የቀዳው የውሃ ዘፈን አለ፤ የባልዲው ምት፣ የከብቱ ቃጭል፣ ከታች ከጉድጓዱ ሆድ የሚመጣ የሰው ድምፅ፣ ወደ 20 ደቂቃ። ማን ማን እንደዘፈነ አጎቴ ስም እየጠራ ነገረኝና ጻፍኩት፤ ሁለቱ በሕይወት የሉም።

ይህን መሰል ካሴት ቤታችሁ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ፣ ከፊልቱና ከክብረ መንግሥት የመጣችሁ፣ ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። ዝም ብላችሁ ብታጫውቱት ይበጠሳል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ እስከ ጫፍ አዙሩትና መልሱት። ሳንቃው ከተሰነጠቀ ክሩን አውጥታችሁ ወደ ሌላ ካሴት ቤት አዛውሩት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ቅዱትና የዘፋኙን፣ የቦታውንና የዓመቱን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ እያለ ጠይቃችሁ ጻፉበት። ማጫወቻ የሌላችሁ እኔ ጋ አለ፤ ዶርም ኑና ውሰዱ፣ ድንጋዩን ግን እናንተ ግዙ።